ሙሉ ካሬ፣ ባዶ ካሬ

ወደዚያ ሥልጠና የሄድኩት ወረቀት ፍለጋ ነው። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት አዋሳ ውስጥ ጥሩ ነጭ ወረቀት ማግኘት ቀላል አልነበረም። ግጥሞቼን የምጽፈው በጠመኔ ካርቶን ጀርባና በአሮጌ የፈተና ወረቀት ኅዳግ ላይ ነበር። ርእሰ መምህራችን ሰብስበውን፣ "በክረምት ለመምህራን የኮምፒዩተር ትምህርት ይሰጣል፤ ከእኛ አንድ ሰው ተጠይቀናል" ሲሉ ሁሉም አንገቱን ደፋ። ክረምት የእኛ የብቻችን ነበር፤ ማን ይሰጣል? አንዱ ከኋላ፣ "ለመሆኑ ምን ያስገኛል?" ብሎ ጠየቀ።

"ደብተርና እርሳስ ይታደላል። ባለካሬ ወረቀትም አለ መሰለኝ።"

እጄን አወጣሁ።

ያኔ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንልኝ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነበርኩ። ትምህርት ሲያልቅ ከመሃል ከተማ እስከ ሐይቁ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ከሐይቁ ደግሞ ወደ መናኸሪያ እመለሳለሁ። ግጥም ማንም አላስተማረኝም። ከሬዲዮ፣ ከሠርግ ዘፈን፣ ከለቅሶ ቤት፣ "ሻሸመኔ! ሻሸመኔ! አንድ ሰው የቀረው ሻሸመኔ!" ከሚለው የአውቶቡስ ረዳት ጩኸት ለቃቅሜ የተማርኩት ነው። ኮምፒዩተር የሚባለውን ነገር ደግሞ ስሙን እንጂ መልኩን አላውቅም ነበር።

የሥልጠናው ክፍል ከመናኸሪያው ጀርባ ባለ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ድሮ የተሰበረ ዴስክ የሚከማችበት ቤት ነው። ቆርቆሮው ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ሲያርፉ ጣራው ኮሽ ኮሽ ይላል፤ ዝናብ ሲወርድ ደግሞ አስተማሪያችን አፋቸውን ሲያንቀሳቅሱ እናያለን እንጂ አንሰማም። ከፊት ጠረጴዛ ላይ መሣሪያው ተቀምጧል። ሳጥን፣ በላዩ ቴሌቪዥን የሚመስል መስታወት፣ ከሥሩ የጽሕፈት መኪና የሚመስል መምቻ። ጭቃ እንዳይገባ ጫማችንን በር ላይ እንድናወልቅ ተነገረን። በካልሲ ብቻ ተሰልፈን ስንገባ መሣሪያውን ልንሳለም የመጣን እንመስል ነበር።

በመክፈቻው ቀን ከትምህርት ጽሕፈት ቤት አንድ ኃላፊ መጣ። ወጣት ነው፤ ካኪ ሱፉ ገና አልለመደውም። ቆሞ እንዲህ አለን፦

"ጓዶች፣ ይህ መሣሪያ እዚህ የመጣው ለሙከራ ነው። ክረምቱ ሲያበቃ መጥቼ አያለሁ። ለልጆቻችን የሚሆን ነገር ከተገኘበት እዚሁ ይቀራል። ካልተገኘበት የሚፈልገው ሌላ ክፍለ ሀገር አለ።"

ይህን ብሎ ሄደ። ያን ጊዜ መሣሪያው ቢቀርም ባይቀርም ለእኔ ምኔም አልነበረም። ደብተሬን ገልጬ ካሬዎቹን አየሁና ደስ አለኝ።

አስተማሪያችንን ሁላችንም "ጋሼ" ነበር የምንላቸው። የሒሳብ መምህር ናቸው። አፋቸውን የፈቱት በሲዳምኛ ነው፤ አማርኛውን በትምህርት ቤት የተማሩት ስለሆነ ቃል ሲመርጡ ቀስ ይላሉ። ያ ቀስ ማለታቸው ለእኛ በጀን። ውጭ አገር ሄደው ስለ ኮምፒዩተር ተምረው የተመለሱ ሰው ናቸው፤ ያወቁትን ግን እንደ ሜዳሊያ ደረታቸው ላይ አልሰቀሉትም። መጀመሪያዎቹን ቀናት መሣሪያውን አላበሩትም። "ከእሱ በፊት እናንተን ላብራ" አሉን።

አንድ ጠዋት፣ "ዛሬ ኮምፒዩተር የሚሆን ማነው?" አሉ።

የስፖርቱ አስተማሪ ተነሣ። ይህ ልጅ መሃል ከተማ ላይ የታወቀ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላቸው የጉራጌ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ቀልድ ሳይናገር አንድ ሰዓት መዋል አይችልም።

"ጥሩ። እንግዲህ ከዚያ ጥግ ጠመኔ አምጥቶ ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር እንዲያሰምር እዘዙት። ያልተባለውን ግን አያደርግም። ማሽን ነው።"

ከእኛ መካከል በዕድሜ የሚበልጡት እትዬ ነበሩ። የእጅ ሥራ መምህርት ናቸው። ከአዋሳ ቤቶች ግማሹ ውስጥ ያለውን ዳንቴል ወይ እሳቸው ሠርተውታል፣ ወይ ተማሪያቸው ሠርታዋለች። ቅድሚያ ለእሳቸው ተሰጠ።

"የኔ ልጅ፣ እስቲ ሂድና ጠመኔ አምጣ።"

የስፖርቱ አስተማሪ ንቅንቅ አላለም።

"ምነው? አልሰማህም እንዴ?"

"'ሂድ' አሉኝ እትዬ። ወዴት?"

"ወደ ጥጉ!"

ወታደር መስሎ ወደ ጥጉ ገሰገሰ። ግድግዳው ጋ ሲደርስ አልቆመም፤ ግንባሩን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ባለበት ይረግጣል። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። "አቁሙት! ኧረ ልጁ ሊበላሽ ነው!" አለ አንዱ። እትዬ "ቁም!" አሉት፤ ቆመ። "ጠመኔውን አንሣ!" አሉት፤ አንሥቶ ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ እንደ ሐውልት ቀረ።

"የባለሱቅ ልጅ ሆኖ ዕቃ ማምጣት ይቸግረው!" አሉ እትዬ፣ እንባቸውን እየጠረጉ።

ጋሼ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ። "ሰነፍ አይደለም፤ ደደብም አይደለም። ያላችሁትን ሁሉ አድርጓል። የጎደለው ትእዛዛችሁ ነው" አሉ። ከዚያ ሰሌዳው ላይ አራት ቃላት ጻፉ፦ የሚገባ፣ የሚሠራ፣ የሚቀመጥ፣ የሚወጣ። "ኮምፒዩተር ማለት ይኸው ነው። ሌላው ጌጥ ነው።"

እኔ ስለ መሣሪያው አልነበረም የማስበው። "ደብተራችሁን አውጡና ጻፉ" ስላቸው አውጥተው ዝም ብለው የሚያዩኝ የአንደኛ ክፍል ልጆቼ ትዝ አሉኝ። የት እንደሚጽፉ፣ ከየትኛው መስመር እንደሚጀምሩ ነግሬያቸው አላውቅም። ከዚያ መስከረም ጀምሮ ልጆቼ ፈጣን ሆኑ ይሉኛል። እነሱ አልተለወጡም። የጋሼ ውለታ ነው።

መሣሪያው የበራ ቀን ሁላችንም ከበብነው። ጥቁሩ መስታወት ላይ አረንጓዴ ፊደሎች ፈሰሱ፤ ሁሉም የፈረንጅ። እትዬ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አስተካክለው ትንሽ ተመለከቱና፣

"ይሄ ነገር ሀ ሁ አያውቅም?" አሉ።

"አያውቅም እትዬ።"

"ታዲያ ለእኔ ተማሪዎች ምኑ ነው?"

ይህች ጥያቄ ክፍሉ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰችበት። ኃላፊው የተናገረው አሁን ገባን። ክረምቱ ሲያልቅ መጥቶ የሚያየው የፈረንጅ ፊደል ብቻ ከሆነ መሣሪያው ይሄዳል፤ ከእሱ ጋር ጋሼም ትምህርቱም ይሄዳሉ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ከፋኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት በዚያ አረንጓዴ ብርሃን የተጻፈ አማርኛ ማየት ስለፈለግሁ ይሆናል።

ጋሼ ግን ፊታቸው በራ። "የፈረንጁንም ፊደል አያውቅም" አሉ። "እሱ የሚያውቀው መብራት በርቷል ወይስ ጠፍቷል የሚለውን ብቻ ነው።" ጠመኔ አነሡና ሰሌዳው ላይ ስምንት በስምንት የሆነ ካሬ ሠሩ። ከትንንሾቹ ካሬዎች ጥቂቶቹን ሞሏቸው፣ ሌሎቹን ተዉአቸው። ጨርሰው ወደ ኋላ ሲሉ ሰሌዳው ላይ "ለ" ቆማ ነበር። "ሙሉ ካሬ ይበራል። ባዶ ካሬ ይጠፋል። ፊደልም ሥዕልም ለእሱ ይኸው ነው። ሀ ሁ ያላወቀው የነገረው ስለሌለ ነው። እኛ እንንገረው።"

ባለካሬው ወረቀት የታደለን ለዚህ ኖሯል። ግጥም ልጽፍበት ያመጣሁት ደብተር ነጠብጣብ ሞላበት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። እያንዳንዱ ሰው ፊደል ተከፋፈለ። በወረቀት ላይ የሳልነውን ጋሼ መስመር በመስመር ወደ ቁጥር ይለውጡታል፤ እኔ ደግሞ ጣቴ ፈጣን ስለሆነ ቁጥሩን እመታለሁ። የመጀመሪያውን ዙር አንድ ጠዋት ሙሉ መታሁ። ጣቴ ደነዘዘ። የመጨረሻው ላይ ስደርስ መብራት ብልጭ ብሎ ጠፋና ተመለሰ። ያን ያህል ብቻ ነው፤ ዓይን ቢርገበገብ የሚያመልጥ ነው። መስታወቱ ግን ባዶ ሆነ። የመታሁት ሁሉ የለም።

"የት ሄደ?" አልኩ።

"የትም አልሄደም። ጠፋ" አሉ ጋሼ። አጠገቤ ተቀመጡ። "አንቺ ሰሌዳ ላይ ጽፈሽ ስታበቂ ምን ይሆናል?"

"ተረኛው ያጠፋዋል።"

"ልጆቹስ ምን ይቀራቸዋል?"

"ደብተራቸው ላይ የገለበጡት።"

"በይ፣ ይህ መሣሪያም ሰሌዳና ደብተር አለው። እስካሁን የጻፍሽው ሰሌዳው ላይ ነው። ተረኛው መብራት ኃይል ነው፤ ሲፈልግ መጥቶ ያጠፋል።" ከኪሳቸው ስስ ጥቁር ነገር አወጡ፤ ዲስኬት ይባላል። "ደብተሩ ይህ ነው። በየጥቂቱ ገልብጪ።"

የስፖርቱ አስተማሪ ከኋላዬ ጎንበስ ብሎ፣ "አይዞሽ ገጣሚ፣ መብራት ኃይል ግጥም አይወድም" አለኝ። ሳቅሁ። ዛሬ ድረስ አንድ ስንኝ ወደ አእምሮዬ ሲመጣ ወዲያው ካልጻፍኩት የጋሼ ተረኛ ዳስተሩን ይዞ ሲመጣ ይታየኛል።

ፊደሎቻችን ግን አላማሩም። ወረቀት ላይ ያማረችው "ሀ" መስታወቱ ላይ ስትወጣ የተሰበረ ስኒ ትመስላለች። ክብ ነገር በካሬ አይሠራም ብለን ተስፋ ልንቆርጥ ነበር። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት እትዬ መስኮት ሥር ተቀምጠው በኪሮሽ መርፌያቸው ዳንቴል ይሠራሉ። ጭናቸው ላይ ንድፍ የተሣለበት ወረቀት አለ። ጋሼ ሻያቸውን ይዘው ሲያልፉ ቆሙ። ወረቀቱን አዩ፤ ዳንቴሉን አዩ፤ ሻያቸውን መስኮቱ ላይ አስቀመጡት።

"እትዬ፣ ይህ ምንድን ነው?"

"ጽጌረዳ ነዋ።"

"ወረቀቱን ማለቴ ነው።"

"ንድፉ ነው። እዚህ ጥቁር ካሬ ካለ ክሩን እሞላለሁ። ነጭ ከሆነ ቀዳዳውን እተዋለሁ።" ቀና ብለው አዩአቸው። "ምነው፣ አጠፋሁ?"

ጋሼ መሬት ላይ ቁጢጥ አሉ። እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። "እትዬ፣ ስንት ዓመት ኮምፒዩተር ሲያስተምሩ ኖረዋል!"

"እኔ እንዴ?"

"እርስዎ! ሙሉ ካሬ፣ ባዶ ካሬ!"

እትዬ እየተቀለደባቸው መስሏቸው ትንሽ ተቆጡ። ነገሩ ሲገባቸው ግን እንደ ልጅ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊደሎቹን ጋሼና እሳቸው አብረው አሳመሩ። ጋሼ መሣሪያው ምን እንደሚችል ያውቃሉ፤ እትዬ ደግሞ ቅጠል በካሬ እንዴት እንደሚታጠፍ ያውቃሉ። "መታጠፊያው ላይ እንደ ደረጃ ውረዱ፤ ዓይን ራሱ ያለሰልሰዋል" ይሉናል። የተሰበረችው ስኒ ተጠገነች። ሠፈራችን የተለያየ ነው፣ አንዱ ቤተ ክርስቲያን፣ ሌላው መስጊድ ይሄዳል፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ግን ሁሉም ሰው ስለ "መ" ሆድ ይከራከር ነበር።

"ጨ" ብቻ እምቢ አለችን። እግሮቿና ጌጧ ስምንት ካሬ ውስጥ አልበቃ አሏት። ሦስት ሰው ሞከረ፤ አንዴ ጊንጥ፣ አንዴ ወንበር ሆነች። ተውናት።

ለመዝጊያው ቀን መስታወቱ ላይ የሚታይ ሁለት መስመር ግጥም እንድጽፍ ታዘዝኩ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ግን የምችለው ባሉን ፊደሎች ብቻ ነው። ጨረቃ ማለት አልችልም። ጨለማም ማለት አልችልም። ለአዋሳ ገጣሚ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሐይቁ ዳር እየተመላለስኩ አሰብኩና የመጣልኝ ይህ ነው፦

በሐይቁ ዳር ላይ ማለዳ መጣ፣
ሰው ሁሉ ነቅቶ ከቤቱ ወጣ።

ተራ ግጥም ነው፤ አውቃለሁ። ያኔ ልቤን የሚሞሉት ረጃጅምና ጨለማ የበዛባቸው ግጥሞች ነበሩ፤ እነሱን ግን ልጆቼ አያነቡልኝም ነበር። ይህችን የአንደኛ ክፍል ልጅ ያነባታል። "ጨ" ባትገባ ጊዜ ማለዳ ገባ።

የመዝጊያው ቀን ደረሰ። እትዬ ለመሣሪያው ልብስ ሠርተውለት መጡ። የስፖርቱ አስተማሪ እናት ከሱቃቸው ክርና ነጭ ሳቲን ሰጥተዋል። ዳንቴሉ ዙሪያውን "ሀ ለ ሐ መ" የሚሉ ፊደሎች አሉት፤ እንዲያምርና አቧራ እንዳያስገባ ከውስጥ የሳቲን ገበር ተሰፍቶበታል። በእኛ ቤት የተከበረ ዕቃ ዕርቃኑን አይቀመጥም። ሬዲዮ ይለብሳል፤ ቴሌቪዥን ያለውም ያለብሳል። ስለዚህ ማንም ምንም አልጠረጠረም። ጋሼ እንግዶቹን ሊቀበሉ በር ላይ ነበሩ። እኛ ግጥሙን መስታወቱ ላይ አውጥተን፣ መሣሪያውን እንደበራ አለበስነው። ኃላፊው ልብሱን ሲገልጠው ማለዳው ቦግ ብሎ እንዲታይ ነው ሐሳባችን።

"እንደ ሙሽራ" አሉ እትዬ፣ ጠርዙን በጣታቸው እየሳቡ።

ኃላፊው ስብሰባ ይዞት ዘገየ። ጠብቀን ጠብቀን ረፋዱ አለፈ። ሲመጣ ሁላችንም ቆመን አጨበጨብን። ወደ ጠረጴዛው ሄዶ ልብሱን በሁለት እጁ ገለጠ።

ማለዳ አልመጣም። የመጣው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ነው። መስታወቱ ጨልሟል። ጋሼ ሮጠው ሶኬቱን ነቀሉና እጃቸውን ሳጥኑ ላይ ቢያሳርፉ ወዲያው አነሡት፤ እንደ ምድጃ ይፋጃል። ትንፋሽ ያጣ መሣሪያ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ከኋላው ያሉት ቀዳዳዎች አየር የሚስብባቸው ነበሩ፤ እኛ ደግሞ በሳቲን ደፈንናቸው።

"ሙሽራዋ ታመመች" አለ የስፖርቱ አስተማሪ፣ ከልማድ። ማንም አልሳቀም፤ እሱም አልሳቀም።

"ይህ የሕዝብ ንብረት ነው" አለ ኃላፊው፣ ቀስ ብሎ። "ማን ነው ይህን ያለበሰው?"

በዚያ ዘመን የሕዝብ ንብረት ሲበላሽ ቀጥሎ የሚመጣው ቃል "አሻጥር" ነው። የዚያን ቃል ክብደት ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል። እትዬ ግድግዳውን ተደግፈው ፊታቸው አመድ መስሏል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልያሉ።

"እኔ ነኝ ጓድ" አሉ።

"እኛ ነን" አልን፣ ሁላችንም ባንድ ላይ ማለት ይቻላል። የስፖርቱ አስተማሪ፣ "ሳቲኑ የእናቴ ነው" ብሎ ጨመረ።

ጋሼ በመካከል ገቡ። ዳንቴሉን ከኃላፊው እጅ ቀስ አድርገው ተቀበሉት። "ጓድ ኃላፊ፣ ለልጆች የሚሆነውን ለማየት ነበር የመጡት። መሣሪያው ባይኖርም ላሳይዎት እችላለሁ። ይፈቅዱልኛል?" አሉት። በዕድሜ አባቱ ሆነው ሳሉ "እርስዎ" አሉት። ሰውየው ትንሽ አመነታና በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ጀርባውን ለእኛ አድርጎ እንዲቀመጥ ወንበር ሰጡት። ባለካሬ ወረቀትና እርሳስም ሰጡት። ለእኔ፣ "ዳንቴሉን ወደ ብርሃኑ ያዢ" አሉኝ። ገበሩን ገልብጬ መስኮቱ ላይ ዘረጋሁት፤ ፊደሎቹ በውጪው ብርሃን ላይ ጥቁር ሆነው ወጡ። "እትዬ፣ ከመጀመሪያዋ ፊደል ይጀምሩ። ንድፉን እንደሚያነቡት ያንብቡለት።"

እትዬ መጡ። መነጽራቸውን አስተካክለው ጀመሩ።

"ባዶ... ሙሉ... ባዶ... ባዶ... ባዶ... ባዶ... ሙሉ... ባዶ።"

የእርሳሱ ድምፅ ይሰማል። ከመናኸሪያው በኩል ረዳቱ "ዲላ! ዲላ!" ይላል።

"ወደ ታችኛው መስመር ውረድ የኔ ልጅ" አሉት። "ጓድ" ማለቱን ረስተውታል። "ባዶ፣ ሙሉ፣ ባዶ፣ ባዶ..."

እየቆየ ድምፃቸው ረጋ። ክፍል ውስጥ እንደቆሙ መምህርት ሆኑ። "አትፍጠን። የሞላኸውን በደንብ አጥቁረው።" ኃላፊውም እንደ ተማሪ ጎንበስ ብሎ ይሞላል። ክንዴ ዝሎ ነበር፤ ግን ዳንቴሉ እንዳይወርድ ጥርሴን ነክሼ ያዝኩ። የታችኛው መስመር ላይ ሲደርሱ፣ "ባዶ፣ ባዶ፣ ሙሉ፣ ሙሉ፣ ሙሉ፣ ሙሉ፣ ባዶ፣ ባዶ" አሉና አበቁ።

ኃላፊው ወረቀቱን ከዓይኑ አራቀው።

"ሀ!" አለ።

ጮክ ብሎ ነው ያለው፤ ራሱም ደነገጠ። ወደ እኛ ዞረ። ምንም ሳያይ፣ "ሙሉ" እና "ባዶ" የሚሉ ሁለት ቃላት ብቻ ሰምቶ ፊደል ጽፏል።

"መሣሪያው የሚያደርገው ይህንኑ ነው" አሉ ጋሼ። "እሱ ይፈጥናል እንጂ ከዚህ የተለየ አያውቅም። እነዚህ መምህራን መስከረም ላይ ይህንን ለልጆች ማሳየት ይችላሉ። በዳንቴል፣ በጠጠር፣ በራሳቸው በልጆቹ፤ ቆመው ተቀምጠው። መሣሪያው ሲኖር ደግሞ ልጆቹ ፊደላቸውን በመብራት ያዩታል። ፊደሎቹ አልተቃጠሉም።" ዲስኬቱን ከመሣሪያው አውጥተው አሳዩት። "እዚህ ናቸው።"

ኃላፊው "ሀ" የተሣለችበትን ወረቀት አሁንም አልለቀቃትም። "በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እናቴን ሀ ያስያዝኳት እኔ ነበርኩ" አለ፤ ለማን እንደሚናገር አላወቀም። "አንድ ሳምንት ፈጅቶብናል።" ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና ወደ ኃላፊነቱ ተመለሰ። "ተበላሸ ብዬ አልጽፍም። ለጥገና አዲስ አበባ ይሄዳል ነው የምለው። ሲጠገንም ወደ ወጣበት ይመለሳል።"

እትዬን ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣቸው።

መሣሪያው የሄደው በዚያው ሳምንት ነው። ይመለሳል ማለትና መመለስ ግን ለየቅል ናቸው። ትምህርት ተከፈተ፤ መስቀል አለፈ፤ ዝናቡ ቆመ። እኔ ልጆቼን በጠጠር ሙሉና ባዶ እያጫወትኩ፣ ባለፍኩ ቁጥር መናኸሪያው ጎራ ብዬ መጥቶ እንደሆነ አይ ነበር። እትዬ ባገኙኝ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ መሣሪያው ነው፤ ስለ ጤናዬ ቀጥሎ። ዳንቴል መሥራት አቁመዋል ሲሉ ሰማሁ።

ጋሼ ራሳቸው አዲስ አበባ ሄደው አመጡት። መልእክት ደርሶን መናኸሪያ ጠበቅናቸው። አውቶቡሱ ቆሞ ተሳፋሪው ሁሉ ሲወርድ ረዳቱ ከጣራው ላይ፣ "ኧረ እኚህን ሰው ተቀበሏቸው! ለሣጥናቸው ወንበር ከፍለው እሳቸው እስከ ሻሸመኔ ሞተሩ ላይ ተቀምጠው መጡ!" እያለ ይጮኻል። ጋሼ ወገባቸውን ይዘው ወረዱ። የስፖርቱ አስተማሪ ሣጥኑን ተሸክሞ እንደ ታቦት ቀስ ብሎ ሲሄድ እኛ ከኋላው ተከተልን።

አሮጌው ዴስክ ቤት ገብተን፣ ጫማችንን አውልቀን፣ ከበብነው። ጋሼ ዲስኬቱን ለእትዬ ሰጧቸው። "እርስዎ ያስገቡት።" እትዬ እንደ ሕፃን በሁለት እጃቸው ይዘው አስገቡት። መሣሪያው ትንሽ ጓጎረ። ከዚያ መስታወቱ ላይ፣ በአረንጓዴ ብርሃን፣ ፊደሎቻችን አንድ በአንድ መጡ። ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ መሣሪያው ግጥሜን ያልረሳው መሰለኝ። እትዬ ጣታቸውን ከመስታወቱ ሳያስነኩ ከፊደል ፊደል እያሻገሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት፦ በሐይቁ ዳር ላይ ማለዳ መጣ። ሁለተኛውን መስመር ሁላችንም አብረን አልነው።

ለዚያ ግጥም የተጨበጨበልኝ ያህል ከዚያ በኋላ ለየትኛውም አልተጨበጨበልኝም። ጭብጨባው ግን የእኔ አይደለም። የማስታውሰው ሌላ ነገር ነው። ሲመሽ ጋሼ መሣሪያውን አጠፉት። ሁላችንም ጫማችንን ስናጠልቅ እትዬ አልተነሡም። ከዘንቢላቸው ዳንቴሉን አወጡት፤ ገበሩን ፈትተውታል፤ ሳቲኑ የለም። መዳፋቸውን የመሣሪያው ጀርባ ላይ፣ ትኩሳት ያለበትን ልጅ ግንባር እንደሚዳብስ ሰው፣ አሳረፉ። ቆዩ። እንደገና ነኩት።

"ገና ሞቅ ይላል" አሉን። "እናንተ ሂዱ። እስኪበርድለት እጠብቃለሁ።"

ማንም አልሄደም። ጫማችንን አድርገን በሩ ላይ ቆመን አብረናቸው ጠበቅን።